ክር የገባላቸው መርፌዎች

ትናንት ያመጣሽልኝ ጥቅል የስፌት መኪና ዘይት ይሸታል። ሌላ ሰው ሽታው ላይታወቀው ይችላል። እኔ ግን ብዙ ዓመት በዚያ ሽታ ውስጥ ስለኖርኩ ገና ከቦርሳሽ ሳታወጪው አወቅሁት። «የጠረጴዛው የታችኛው መሳቢያ አልከፈት ብሎኝ በመዶሻ ነው ያስከፈትኩት፤ የእርስዎ መስሎኝ ይዤው መጣሁ» አልሽኝ። በጋዜጣ ተጠቅልሎ በክር ታስሯል። ማሰሪያው ላይ ጣቴን ሳሳርፍ የማን እጅ እንደሆነም ገባኝ። ሻይሽን ጠጥተሽ እስክትሄጂ ድረስ ጭኔ ላይ አድርጌ ዝም ያልኩት ሰው ባለበት ልከፍተው ስላልፈለግሁ ነው፤ ቅር አይበልሽ። ከሄድሽ በኋላ ከፈትኩት። ዛሬ ተመልሰሽ ስለመጣሽ፣ የስፌት ማስተማሪያ ክፍሉም አሁን የአንቺ ስለሆነ፣ ጥቅሉ የማን እንደነበረ ልንገርሽ።

በእኔ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ አሥራ ስምንት የእግር ስፌት መኪናዎች በሁለት ረድፍ ቆመው ነበር። ጠዋት በመስኮቶቹ ጥሩ ብርሃን ይገባል። ከቀትር በኋላ ግን የጎረቤቱ የድንጋይ ግንብ ብርሃኑን ይጋርደውና ክፍሉ ይደበዝዛል። ወደ ውቅሮ የሚወጡት የጭነት መኪናዎች ማርሽ ሲቀይሩ መስታወቱ ይርገበገባል፤ የካውያው እንፋሎትና የአዲስ አቡጀዲ ሽታ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ልብስሽ ላይ ያድራል። ይህ አሁንም ሳይኖር አይቀርም።

ዐይኔ መድከም የጀመረው ይህን ጥቅል ያሰረችው ልጅ ከመምጣቷ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ነገሬን ለሰው የማወጣ ሰው አይደለሁም። የክሮቹን መደርደሪያ በቃሌ ያዝኩት። ከግራ ጥቁር፣ ቀጥሎ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ አረንጓዴ። ስፌት የምፈትሸውም በአውራ ጣቴ ሆነ። ተማሪዎቼ ትልቅ ዘዴ ያስተማርኳቸው መስሏቸው በደብተራቸው ይጽፉት ነበር። ዘዴ አልነበረም፤ ችግር ነበር። አንድ ሕግም ነበረኝ። ማንኛውም ስፌት ሲጀመርና ሲያልቅ ሦስት ጊዜ ወደኋላ ተመልሶ ይቋጠራል፤ ያልተቋጠረ ስፌት ሲጎተት ይተረተራል። በዚህ የተነሳ ልጆቹ ከጀርባዬ «ሰለስተ ንድሕሪት» ይሉኝ ነበር፤ ሦስት ወደኋላ ማለታቸው ነው። እንደሰማሁ አያውቁም።

ጣቴ ሊያደርገው ያልቻለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት። እሱን ጠዋት ማንም ሳይመጣ መስኮቱ ሥር ቆሜ እታገለው ነበር። አንዳንድ ቀን ይገባል፤ አንዳንድ ቀን አይገባም።

ልጅቷ የወሎ ልጅ ነበረች። አባቷ እዚህ ገበያ ውስጥ ልብስ ይሸጣል፤ እሷ ከእናቷ ተለይታ እሱ ጋ ከመጣች ብዙም አልቆየችም። ሌሎቹ «ቲቸር» ሲሉኝ እሷ «እትዬ» ትለኝ ነበር። ትግርኛውን ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን በአማርኛ ነው፤ ያውም ከስንት አንዴ። ከጎኗ የምትቀመጠው ቀልደኛ ተማሪ «ኣንቲ፣ ለመናገርም ክር ትቆጥቢያለሽ እንዴ?» ስትላት ፈገግ ብላ ዝም ትላለች። የአንዷ መኪና ቀበቶ ሲበጠስ የራሷን ለቃላት እሷ ቆማ ትጠብቃለች። አንዷ እጅጌ አሳስታ ስትቆርጥ ሳትጠየቅ የራሷን ትርፍ ጨርቅ ትሰጣለች። ማታ ሁሉም ወለሉን ሳይጠርጉ ሊያመልጡ ሲሞክሩ መጥረጊያውን የምታነሳው እሷ ነች።

አላመንኳትም። እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው የጀመርኩት። ሌላው ሰው ዝምተኛ ሲያይ ጨዋ ነው ይላል። እኔ ራሴ ዝምተኛ ስለሆንኩ በዝምታ ውስጥ ስንት ነገር እንደሚደበቅ አውቃለሁ።

ሊመረቁ ሁለት ወር ሲቀራቸው የማሠልጠኛው ዳይሬክተር ቢሮው ጠርቶኝ «ዘንድሮ አንደኛ የምትወጣውን ረዳት አድርገን እናስቀርልዎታለን፤ ለእርስዎም ያግዝዎታል» አለኝ። የመጨረሻዋ ቃል ውስጤ ቀረች። ለምን ያግዘኛል? ማን ምን ነገረው? ወሬው ክፍል ሲደርስ ተማሪዎቹ ተንጫጩ። ያቺ ልጅ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጠየቅ ተናገረች።

«እኔ ብቀር ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። በማግስቱ ጠዋት መሳቢያዬን ስከፍት በመርፌ መሰኪያዬ ላይ ያሉት መርፌዎች ሁሉ ክር ገብቶላቸዋል።

በመጀመሪያ ራሴ አስገብቼ የረሳሁ መሰለኝ። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ይህን የሚያደርግ ሰው ዐይኔ እንደደከመ አውቋል። ካወቀ ደግሞ ይናገራል። ምናልባትም እያሾፈብኝ ነው፤ ወይም ዳይሬክተሩ ፊት «እሷ መርፌ እንኳን አታስገባም፤ እኔ ነኝ የማስገባላት» ለማለት ማስረጃ እያጠራቀመ ነው። በረኛውን በጨዋታ መልክ ጠየቅሁት።

«ከትምህርት በኋላ ማነው ወደ ክፍል የሚመለሰው?»

«ያቺ ዝምተኛዋ ናታ!» አለኝ። «ሁልጊዜ 'ሻርፔን ረሳሁ' ትለኛለች። ስንት ሻርፕ ነው ያላት መምህር? ሱቅ ልትከፍት ነው?»

በዐይኔ ሳላይ ሰው አልከስስም። ዐይኔ ግን አያይም። ስለዚህ ወጥመድ አበጀሁ። የልብስ መቁረጫውን ሰማያዊ ጠመኔ ፈጭቼ የመሳቢያውን እጀታ ቀባሁት። ጠዋት ተማሪዎቹን በሩ ላይ አቁሜ «እጃችሁን አሳዩኝ» አልኳቸው። አሥራ ስምንት ልጆች ሠላሳ ስድስት እጅ ዘረጉ፤ ሁሉም ሰማያዊ ነበር። ለካ ለፈተና ሲለማመዱ ሰንብተው እጃቸው ከጠመኔ ወጥቶ አያውቅም። ቀልደኛዋ «ቲቸር፣ ልንበላ ነው እንዴ?» አለች። የስፌት አስተማሪ ሆኜ ሌባ በጠመኔ ለመያዝ ማሰቤ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ከዚያ ክር ሞከርኩ። ማታ ስወጣ በመሳቢያውና በጠረጴዛው እግር መካከል አንድ ቀጭን ክር ወጥሬ አሰርኩ። ጠዋት ጣቴን ሰድጄ ዳሰስኩት፤ እንዳለ ነው። ደስ አለኝ ማለት ይቻላል። መሳቢያውን ስከፍተው ግን መርፌዎቹ እንደ ሁልጊዜው ክር ገብቶላቸዋል። ተመልሼ ክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ሄድኩበት። መሐሉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጠፍጣፋ ቋጠሮ አገኘሁ። ተበጥሶ ተቀጥሏል። እንዲያ አድርጋ የምትቋጥር ከክፍሉ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ሸማኔ ክሩ ሲበጠስበት የሚቋጥረው ነው፤ አያቷ ሸማኔ ነበር፤ ገና ስትመጣ ነግራኛለች።

ያን ቀን ሌሎቹ ሲወጡ አስቀረኋት።

«መሳቢያዬ ውስጥ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ምንም እትዬ።»

«ማን ነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። መርፌዎቹ ባዶ ነበሩ።»

«ባዶ ቢሆኑስ? አንቺን ምን አገባሽ?»

ፊቷን አላየሁትም፤ በዚያ ሰዓት ክፍሉ ጨለምለም ይላል። የሻርፗን ጫፍ በጣቶቿ ስታሸው ግን ይሰማኛል። ብትምል፣ ብታለቅስ፣ ወይም ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። በማግስቱ መሳቢያው ላይ ቁልፍ አስገጠምኩ። ቁልፉንም በአንገቴ ላይ አሰርኩት። መርፌዎቼ ባዶ ሆኑ፤ እኔም ወደ መስኮቱ ትግሌ ተመለስኩ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ይህ ጥቅል ተቀምጦ አገኘሁ። በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ በክር የታሰረ፣ ስም የሌለው። ማን እንዳስቀመጠው አላወቅሁም። ማሰሪያውን እንኳ አልዳሰስኩትም፤ የዳሰስኩት ትናንት ነው። በፈተና ቀን ለአስተማሪ የሚቀመጥ ስጦታ ምን እንደሆነ አንቺም አስተማሪ ነሽና ታውቂዋለሽ። ወይ መማለጃ ነው፤ ወይ ሲከፈት እንዲታይ የተቀመጠ ወጥመድ ነው። በሁለት ጣቴ አንስቼ የተጣመመው የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩትና በእግሬ ገፋሁት። እዚያው ተቀርቅሮ ቀረ።

ከእኔ በፊት ከነበረችው አስተማሪ ጀምሮ አንድ ልማድ ነበረን። የፈተናው ቀን የመጀመሪያውን የልብስ ቁልፍ አስተማሪዋ በእጇ ትሰፋለች፤ ከዚያ ፈተናው ይከፈታል። ያን ዕለት ቁልፉ የሚሰፋው ጥቁር የወንድ ሱሪ ላይ ነበር። ለዚህ ብዬ በዋዜማው በቀትር ብርሃን ታግዬ ክር ያስገባሁለት አንድ መርፌ ነበረኝ። ክሩን ያነሳሁት ከመደርደሪያው ግራ ጫፍ ነው። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ክፍሉ ሲጸዳ መደርደሪያው ተራግፎ እንደገና መደርደሩን ማንም አልነገረኝም።

ከውጭ የመጣው ፈታኝ ወጣት ነበር፤ ትሑት፣ ግን ምንም የማያመልጠው። ዳይሬክተሩ አጠገቡ ቆሟል። ቁልፉን ሰፍቼ፣ ቋጥሬ፣ ክሩን ቆርጬ ሱሪውን ሰጠሁት። ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። ተመልሶ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«እማማ፣ ይሄ ሰማያዊ ክር አይደለም እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር። ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ፈተናው ይጀመር» አልኩ። መኪናዎቹም ባንድ ጊዜ መጮህ ጀመሩ።

ልጆቹ ሸሚዝ ነበር የሚሰፉት። እያንዳንዷ ስትጨርስ ፈታኙ በዐይኑ፣ እኔ በእጄ እንፈትሻለን። እሱ ግን አሁን ከሸሚዞቹ ይልቅ እኔን የሚመለከት መሰለኝ። አንዱን ሸሚዝ «ጥሩ ነው» ስል ሌላ ነገር ይጽፋል። ዳይሬክተሩ ከጎኑ ሆኖ ያንሾካሹካል። ያ ክፍል ከእጄ እየወጣ እንደሆነ ታወቀኝ። ያቺ ልጅ የኋለኛው ረድፍ ላይ ነበረች። መኪናዋ ከሁሉም ቀድሞ ዝም ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ሸሚዙን ሳታስረክብ አጎንብሳ ቆየች። ትዝ የሚለኝ «በእኔ ውርደት ደስ ብሏት ይሆናል» ብዬ ማሰቤ ነው።

ሁሉም ካስረከቡ በኋላ መጣች። ፈታኙ ሸሚዟን ገልብጦ፣ ዘርግቶ አየው። «ይሄ እንከን የለውም» አለ። «አንደኛዋ ተገኘች ማለት ነው።»

ተቀብዬው እንደ ልማዴ ከግራው እጅጌ ጫፍ ጀመርኩ። ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚያ ነው። አውራ ጣቴን አሳርፌ ሳብ ሳደርገው ስፌቱ ተተረተረ። ጫፉ አልተቋጠረም።

«ይሄ ክፍት ነው» አልኩ።

ፈታኙ ቀረብ ብሎ አየና «እኔ አላየሁትም!» አለ። ከዚያ ሳቀ። «በዐይን ያመለጠንን በጣት አገኙት። እንደዚህማ ከሆነ ያ የሰማያዊ ክር ቁልፍም እኛን ሊፈትኑበት ነው የሰፉት።» ዳይሬክተሩም አብሮ ሳቀ፤ ትከሻዬንም ነካ አደረገኝ። እኔ አልሳቅሁም፤ አላስተባበልኩምም። ልጅቷ ሦስተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣችው ቀልደኛዋ ነበረች፤ ረዳት ሆና የቀረችውም እሷ ነች።

እውነቴን ነው የምልሽ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። «ጠርጥሬያት ነበር፤ ይኸው ተገኘች» አልኩ በልቤ። ደስታው ግን እስከ ማታ አልቆየም። ያቺ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አንድ ስፌት ሳትቋጥር ቀርታ አታውቅም። ሸሚዙን ከክምሩ አውጥቼ እንደገና ዳሰስኩት። ሌላው ስፌት ሁሉ ተቋጥሯል፤ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ክፍት የሆነው የግራው እጅጌ ጫፍ ብቻ ነው። ሸሚዙን ይዤ በረኛው ጋ ወጣሁ።

«እስቲ ይህን ወደ ብርሃን አድርገህ እየው። ስፌቱ ያለቀበት ቦታ ላይ የመርፌ ቀዳዳ አለ?»

«እኔ ከመቼ ወዲህ ነው ልብስ ሰፊ የሆንኩት?»

«እየው ብዬሃለሁ።»

አየው። «አለ። ትንንሽ ናቸው። ሦስት ይሆናሉ፤ እዚያው እዚያው ነው የተደጋገመው።»

ተቋጥሮ ነበር ማለት ነው። ሰፍታዋለች፣ ቋጥራዋለች፤ ከዚያ አጎንብሳ የቆየችው ቋጠሮውን በመርፌ ጫፍ ስትፈታው ነው። የፈታችውም የእኔ ጣት መጀመሪያ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ፈታኙ ያላየውን እኔ እንዳገኝ ብላ ነው፤ ሌላ ቦታ ቢሆን እኔም ላላገኘው እችል ነበር።

አመሰገንኳት ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር። ተናደድኩ እንጂ አላመሰገንኳትም። ማን አዘነልኝ አለ? ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ዳይሬክተሩ ጋ ገባሁ። ዐይኔ እንደማያይ፣ ቁልፉን ስቼ እንደሰፋሁት፣ አንደኛ መውጣት የሚገባት ያቺ ልጅ እንደሆነች ነገርኩት። እሱ ግን «ውጤቱ ተፈርሞ ሄዷል። እርስዎም ይህን ለሌላ ሰው አይናገሩት» አለኝ። የዚያን ዓመት ሥራዬን ለቀቅሁ። ጠረጴዛውን ማጽዳት አልቻልኩም፤ ቁልፉን ከአንገቴ ፈትቼ ለበረኛው ሰጠሁት።

በምረቃው ቀን ግቢው በጃንጥላና በአበባ ሞልቶ ነበር። ልጅቷ አባቷን አስከትላ ልትሰናበተኝ መጣች። አባቷ ጎንበስ ብሎ «አላህ ይስጥልኝ፣ ልጄን ሰው አደረጉልኝ» አለኝ። እሱ ፈንጠር እስኪል ጠብቄ የቀረችኝን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት።

«ለምን ፈታሽው?»

አልካደችም። «እናቴም ልብስ ሰፊ ናት እትዬ» አለች። «ስለ ዐይኗ ስትጠየቅ ትቆጣለች። ስለዚህ አንጠይቃትም።»

እኔን ነው የገለጸችው። ልቆጣም አማረኝ፤ ልስቅም አማረኝ። «በይ ጓለይ፣ በይ ልጄ፣ መንገድ ላይ እንዳይመሽብሽ» ነው ያልኳት። እጄን ስማ ሄደች። እስክትርቅ ድረስ በጥላዋ ለየኋት፤ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለች።

ጥቂት ወር ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሠራች አሉ። ከዚያ እናቷ ጋ ወደ ወሎ ሄደች። ከዚያ በጦርነቱ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ተቋረጠ። ሁሉም ሲከፈት የጎረቤቴ ልጅ እየመራችኝ ገበያ ሄድኩ። የአባቷ ሱቅ በነበረበት ቦታ አሁን የላስቲክ ጫማ ይሸጣል። ባለቤቱ ማንንም አያውቅም።

እንግዲህ ትናንት ጥቅሉን ፈታሁት። ውስጡ እንደ መሐረብ የታጠፈ ጨርቅ አለ፤ በአራት ረድፍ መርፌዎች ተሰክተውበታል፤ ሁሉም ክር ገብቶላቸዋል። ለፈተናው ነው ያዘጋጀችልኝ፤ መሳቢያውን ስለቆለፍኩባት። በጣቴ ስሄድበት በየረድፉ ራስ ላይ በክር የተሠራ ትንሽ ጉብታ አገኘሁ። በመጀመሪያው ረድፍ አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት፣ በአራተኛው አራት። ወዲያው ገባኝ። የእኔ መደርደሪያ ነው። ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ አረንጓዴ። በቃሌ እንደያዝኩት ለአንድ ነፍስ እንኳ አልተናገርኩም ነበር። ያን ጠዋት ከፍቼው ቢሆን ኖሮ ትክክለኛውን መርፌ አነሳ ነበር፤ እሷም ስፌቷን አትፈታም ነበር።

አሁን ዐይኔ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። የዚህ ጥቁር ቀሚሴ የእጅጌ ቁልፍ ከወደቀ ሰንብቷል፤ ሰው ማስቸገር አልወድም ብዬ ትቼው ነበር። ትናንት ከመጀመሪያው ረድፍ አንዱን መርፌ ነቀልኩ። ትንሽ ዝጎ ኖሮ ጨርቁ ውስጥ ሲያልፍ ይንቀራፈፋል። ቁልፉን ሰፋሁት፤ ሦስት ጊዜ ወደኋላ መልሼም ቋጠርኩት። ክሩ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው አንቺ ከተቀመጥሽበት ይታይሻል። እኔ አልጠይቅሽም።